ይድረስ ማሽናችሁን ለምታሠሩ የቶሮንቶ ወገኖቼ



ይህን የምጽፈው በዳንፎርዝ፣ በስካርቦሮና በኖርዝ ዮርክ ቤት ገዝታችሁ በዊንተር ደጃችሁን ለምትጠርጉ፣ በሰመር ሣራችሁን ለምታጭዱ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በዚሁ ሥራ ኩባንያ አቋቁማችሁ ወጣቶች ለቀጠራችሁ ነው። እንጀራዬ የእናንተን ትናንሽ ሞተሮች መጠገን ነው፤ በረዶ መጥረጊያ፣ ሣር ማጨጃ፣ ጀኔሬተር፣ አንዳንዴም የዛፍ መጋዝ። ለሰጣችሁኝ ሥራ አመሰግናለሁ። ነገር ግን ዝም ብል ሕሊናዬን የሚከብደው ጉዳይ አለ።

ማሽናችሁን ታመጡና በሽታውንም መድኃኒቱንም ራሳችሁ ትነግሩኛላችሁ። «ምንም አልነካሁትም፣ ካንዴላ ብቻ ቀይርልኝ» ትሉኛላችሁ። አንዱን ጉዳይ ልዘርዝር። ኦንታርዮ ከ2007 ጀምሮ ቤንዚን ውስጥ ኤታኖል እንዲቀላቀል በሕግ አስገድዳለች፤ መጠኑም በየደረጃው እየጨመረ ነው። ኤታኖል እርጥበት ይስባል። በሚያዝያ ከነቤንዚኑ ጋራዥ ውስጥ የቆመ በረዶ መጥረጊያ በኅዳር ሲፈለግ ካርቡረተሩ ውስጥ ያለው ነዳጅ ተበላሽቶ፣ አረንጓዴ ዝገትና ሙጫ የመሰለ ነገር ሠርቶ ይጠብቃል። እዚያ ውስጥ ቤንዚን የምትለቅ አንዲት የናስ ፍሬ አለች። ቀዳዳዋ አንድ ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። ማሽኑ አልነሳ ሲል ቪዲዮ ያያችሁት ካርቡረተሩን ትፈቱና ቀዳዳዋን በብረት ሽቦ ትጎረጉራላችሁ። ናስ ለስላሳ ነው፤ ቀዳዳዋ በጥቂቱ ትሰፋለች፤ ያቺ ጥቂት ትበቃለች። ከዚያ በኋላ ሞተሩ ከሚገባው በላይ ቤንዚን ይጠጣል፣ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል። እኔ ዘንድ ሲመጣ የቪቴዎቹ ራስ አዲስ ጭረት አለበት፣ ማሸጊያው ተገልብጦ ገብቷል፤ አፋችሁ ግን «አልነካሁትም» ይላል። የነካችሁትን ብትነግሩኝ በአጭር ጊዜ የምጨርሰውን ሥራ ቀኑን ሙሉ ስፈልገው እውላለሁ፤ በመጨረሻም ያ ቀን በእናንተው ሂሳብ ላይ ይጻፋል።

መንካታችሁን አልቃወምም። ንብረታችሁ ነው። ካናዳ በኖቬምበር 2024 ባጸደቀችው ሕግ (ሲ-244) ሰው የገዛውን ዕቃ ለመመርመርና ለመጠገን ሲል የዲጂታል ቁልፉን ቢሰብር እንደማያስጠይቀው ደንግጋለች፤ ደስ ብሎኝ ነው የተቀበልኩት። መማር የሚፈልግ ካለ ወንበር አውጥቼ አሳየዋለሁ። የምለምነው፣ የሠራችሁትን እንዳትደብቁኝ ነው።

ሁለተኛው ነገር ከዚህ ይብሳል። በረዶውን የሚስበው ጠመዝማዛ ብረት ከሚያዞረው ዘንግ ጋር የሚያያዘው በለስላሳ ቡሎን ነው። ድንጋይ ወይም የቀዘቀዘ ጋዜጣ ሲገባበት ቡሎኗ ተሰብራ ካምቢዮውን እንድታድን ሆን ተብላ ደካማ ተደርጋ ተሠርታለች። «ሁልጊዜ ትሰበራለች» ብላችሁ ጠንካራ ቡሎን አስራችሁበት ትመጣላችሁ፤ ወይም እንድገጥምላችሁ ታዛላችሁ። በሚቀጥለው ድንጋይ የሚሰበረው ካምቢዮው ነው። ያን ጊዜ ተወቃሹ ማን እንደሆነ ታውቁታላችሁ።

ይህ ሁሉ ግን የገንዘብ ጉዳይ ነው፤ ገንዘብ ይመለሳል። እንቅልፍ የሚነሳኝ ሌላ ነው። በበረዶ መጥረጊያው እጀታ ላይ ተጨብጦ የሚያዝ ዘንግ አለ፤ ሲለቀቅ ጠመዝማዛው ይቆማል። የሣር ማጨጃውም እንዲሁ ነው፤ በአሜሪካ ከ1982 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው ደንብ እጀታው ከተለቀቀ ምላጩ በሦስት ሰከንድ ውስጥ መቆም አለበት፤ እዚህ የምንሠራባቸው ማጨጃዎችም ብዙዎቹ ለዚያው ገበያ የተመረቱ ናቸው። አንዳንዶቻችሁ ይህን ዘንግ በፕላስቲክ ማሰሪያ ጠፍራችሁ ታመጡልኛላችሁ። «እጅ ያደክማል፣ ሥራ ያዘገያል፣ እንደዚሁ ተወው» ትሉኛላችሁ። ማሰሪያውን ስቆርጠው ተቆጥታችሁ ማሽናችሁን ይዛችሁ የወጣችሁ አላችሁ።

እስቲ ማን እንደሚሠራበት አስቡ። ፌብሯሪ 2025 በቶሮንቶ ላይ በረዶ በበረዶ ላይ ተደራርቦ በጥቂት ቀናት ከ50 ሴንቲሜትር በላይ ሲወርድ፣ ሌሊቱን ሙሉ የሰው ደጅ ሲጠርግ ያደረው የኩባንያው ባለቤት አልነበረም። ትናንት የመጣው፣ የስደተኝነት ጉዳዩ ያልተቋጨለት፣ እንግሊዝኛው ገና ያልተፈታለት ልጅ ነበር። እርጥብ በረዶ መትፊያው አንገት ውስጥ ሲጣበቅ እጁን የሚከተው እሱ ነው። ሞተሩ ቢጠፋ እንኳ ቺንጋው ላይ የተወጠረ ኃይል ስለሚቀር፣ የተጣበቀው በረዶ ሲላቀቅ ብረቱ በድንገት ሊዞር ይችላል፤ ዘንጉ ታስሮ ሞተሩ እየሠራ ከሆነ ደግሞ ጣት ሳይሆን እጅ ነው የሚሄደው። የኦንታርዮ የሥራ ደህንነት ሕግ አሠሪ መሣሪያውን በደህና ሁኔታ እንዲይዝ ያስገድዳል፤ ሠራተኛውም አደገኛ ሥራን እምቢ የማለት መብት አለው። ያ ልጅ ይህን መብት አያውቀውም፤ ቢያውቀውም ሥራውን እንዳያጣ ይፈራል። እናንተ ግን ታውቃላችሁ። እናንተም አንድ ቀን ያ ልጅ ነበራችሁ።

የማዘዙ ነገር ደግሞ አለ። ወደ ትልልቅ ነጋዴዎች የጥገና ክፍል ስትሄዱ ማሽናችሁን ባንኮኒው ጋ አስረክባችሁ፣ ቁጥር ተቀብላችሁ ትመለሳላችሁ። ከግድግዳው በስተጀርባ ገብታችሁ መካኒኩን «ይሄን ፍታ፣ ያንን ተው» አትሉም። እኔ ዘንድ ስትመጡ ትከሻዬ ላይ ትቆማላችሁ፣ ስልካችሁን ዘርግታችሁ የሌላ ሞዴል ቪዲዮ ታሳዩኛላችሁ፣ ከኢንተርኔት የገዛችሁትን የማይገጥም መለዋወጫ ግጠም ትሉኛላችሁ፤ ሲያበቃ «የኛ ሰው አይደለህ፣ ቀንስ» ይከተላል። ወገንነት ዋጋ ለማስቀነስና ለማዘዝ ብቻ የሚጠራ ከሆነ ያሳዝናል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ብረት የሚሠራውን፣ የሚሸምነውን፣ የሚጽፈውን ሳይቀር ስም እያወጣ የሚያንቋሽሸውን ሰው ገሥጸው ነበር። ያ አመል ውቅያኖስ ተሻግሮ ዳንፎርዝ ላይ ሲገኝ ዝም ማለት አልቻልኩም። ባለሙያን የማታምኑ ከሆነ አታምጡ፤ ካመጣችሁ ግን ፍርዱን ለእሱ ተዉለት፤ እናንተ ያዘዛችሁትን ሠርቼ እኔ ልጠየቅበት አልችልም።

ሥጋታችሁም አይጠፋኝም። ተጭበርብራችኋል፤ ያልተቀየረ ዕቃ ተቀየረ ተብሎ የተከፈለበት ጊዜ አለ። ለመኪና ጥገና የኦንታርዮ ሕግ ባለጋራዡ በጽሑፍ ከሰጠው ግምት ከ10 በመቶ በላይ እንዳያስከፍል ይከለክላል። እኔም ለትንሹ ሞተር ይህንኑ አደርጋለሁ፦ ሳልከፍተው ግምት አልሰጥም፤ ከፍቼ በጽሑፍ እሰጣለሁ፤ ከግምቱ የሚያልፍ ነገር ካገኘሁ ደውዬ ሳላስፈቅድ አልነካም፤ አሮጌውን ዕቃ በከረጢት እመልሳለሁ። የሙያ ጓደኞቼም እንዲሁ እንዲያደርጉ በዚሁ አጋጣሚ እጠይቃለሁ፤ እኛ ግልጽ ካልሆንን ደንበኛ ትከሻችን ላይ ቢቆም አይፈረድበትም።

እንግዲህ ኅዳር ሳይገባ ስትመጡ የነካችሁትን፣ የቀየራችሁትን፣ ማሽኑ መቼና እንዴት እንደቆመ በአንድ ብጣሽ ወረቀት ጽፋችሁ እጀታው ላይ ለጥፉልኝ። ኩባንያ ያላችሁ ደግሞ ዛሬውኑ ጋራዣችሁ ገብታችሁ ዘንጉ የታሰረውን ማሽን ሁሉ ፍቱት። እኔ ዘንድ እንደታሰረ የሚመጣውን ቆርጬ እጥለዋለሁ፤ የማስወገጃውን ዋጋ አልቀበልም፤ መልሶ ማሰሩን የሚፈልግ ሰው ግን ማሽኑን ሌላ ቦታ ይውሰድ።

አክባሪያችሁ፣
የትናንሽ ሞተሮች ጠጋኝ፣ ቶሮንቶ