ሰይፍ ባይኖርስ?

መርካቶ፣ ሲኒማ ራስ አካባቢ ፊልም በፍላሽ የሚጭን አንድ ልጅ «አንዶር» አለህ ወይ ስለው ፊቱን ቅጭም አደረገና «ጋሼ፣ እሷ ትቅርብዎት! ሰይፍ የለባትም፣ ወሬ ይበዛባታል» አለኝ። በግቢያችንም ይህን ተከታታይ ፊልም ያዩ ዕጩ መምህራን «ይንቀረፈፋል» ሲሉ ሰምቻለሁ። እኔ ግን ለመምህር የሚበጀው ይኸው ነው ባይ ነኝ።

የ«ስታር ዋርስ» የጠፈር ታሪክ የመጀመሪያው ፊልም የታየው በግንቦት 1969 ዓ.ም. ነው። በዚያ ፊልም ክፉው ጥቁር ጭንብል ያጠልቃል፣ በጎው የብርሃን ሰይፍ ይመዛል፣ ግዙፉ መሣሪያ ይፈነዳል፣ አለቀ። ቶኒ ጊልሮይ የፈጠረው «አንዶር» ከመስከረም 2015 እስከ ግንቦት 2017 ዓ.ም. በ24 ክፍሎች ሲቀርብ ግን ሰይፍ የሚመዝ ጀግና አላመጣም። ክፉው ማነው ብትሉ፣ ጠረጴዛው ጋ ቁጭ ብሎ ፎርም የሚሞላ፣ የደረጃ ዕድገት የሚመኝ ሠራተኛ ነው።

እስር ቤቱን ተመልከቱ። እስረኞች በፈረቃ የማሽን ዕቃ ይገጣጥማሉ፤ ለምን እንደሚውል አልተነገራቸውም። ለካስ የሚሠሩት ያንኑ ዓለም አጥፊ መሣሪያ ኖሯል! በጎርማን ምድር ደግሞ ገዢዎቹ ከመሬት በታች ያለውን ማዕድን ይፈልጋሉ። ታዲያ በጥይት አይጀምሩም፤ በመጀመሪያ በዜና ማሰራጫ ሕዝቡን ትዕቢተኛ እያሉ ያስጠሉታል። በአደባባይ መግደሉ ኋላ ይመጣል።

ግንቦት 1969 ሲባል ለእኛ ፊልም አይደለም ትዝ የሚለን። ቀይ ሽብር ነው። በዚያው ዓመት መጋቢት አዲስ አበባ ቤት ለቤት ታስሳለች። እዚህም መጀመሪያ ስም ወጣ፦ አናርኪስት፣ ፀረ አብዮት፣ ፀረ ሕዝብ። ከዚያ ተማሪውም መምህሩም ተገደለ። በ1987 ዓ.ም. የተጀመረው የደርግ ባለሥልጣናት ችሎት በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. የጥፋተኝነት ውሳኔ እስኪሰጥ ድረስ ዐቃቤ ሕግ ካቀረባቸው ማስረጃዎች መካከል የመንግሥቱ የራሱ መዛግብት ነበሩ። ያንን ወረቀት ታይፕ ያደረገ፣ መዝገብ ቁጥር የሰጠ፣ ማኅተም የመታ ሰው ነበር ማለት ነው። እሱም ማታ ቤቱ ገብቶ እራቱን በልቷል።

«ልጆች ግን ጀግና ይፈልጋሉ» የሚለኝ ይኖራል። እውነት ነው፤ ለሦስተኛ ክፍል ተማሪ «አንዶር»ን አሳዩ አልልም። ለእሱ ተረት ይበቃዋል። ነገር ግን እናንተ ነገ ስም መጥሪያ የምትይዙ ናችሁ። አንድ ቀን አንድ ሰው መጥቶ «የእነ እገሌን ልጆች ስም ለይተህ ስጠኝ» ሊላችሁ ይችላል። ያን ጊዜ ሰይፍ አይኖራችሁም፤ ያላችሁ እስክሪብቶ ነው። ጥያቄውም አንድ ነው፦ ትጽፋላችሁ ወይስ አትጽፉም?

ስለዚህ ሐሳብ አለኝ። በውይይት ሰዓታችን የእስር ቤቱን ክፍል አብረን እንየውና እንዲህ እንጠያየቅ፦ ከዚህ ሁሉ ሰው እምቢ ማለት ይችል የነበረው ማን ነው? መቼ? ምንስ ያስከፍለው ነበር? መልሱ ቀላል እንደማይሆን አውቃለሁ። ቢሆንም ሳይቃጠል በቅጠል ነው፤ ክፍል ከገባን በኋላ ሳይሆን ዛሬ እንነጋገርበት።