ከቁፋሮው በፊት ውሃው ይመርመር

ከሰመራ ብዙም ሳይርቅ፣ ዱብቲ አጠገብ፣ መሬቱ እንፋሎት ይተነፍሳል። እ.ኤ.አ. በ1993 እና በ1998 መካከል በኢትዮጵያና በጣሊያን መንግሥታት ትብብር በዚሁ በተንዳሆ አካባቢ ሦስት ጥልቅና ሦስት አጫጭር ጉድጓዶች ተቆፍረዋል። ከጥልቆቹ አንዱ ከ2,000 ሜትር በላይ ወርዷል፤ ከመሬት ሥር የተለካው ሙቀትም ከ250 ዲግሪ ሴልሺየስ አልፏል። ከዚያ ወዲህ ዱብቲ፣ አላሎባድና አይሮቤራ በፈረንሳይና በጃፓን የልማት ተቋማት ድጋፍ ጭምር ተጠንተዋል። ይህ ሁሉ የሚያመለክተው አንድ ነገር ነው፤ በአፋር ምድር ገና ብዙ ይቆፈራል።

መቆፈሩ ተገቢ ነው። ኢትዮጵያ ኤሌክትሪኳን በአብዛኛው የምታገኘው ከግድቦች ነው፤ ዝናብ ሲጠፋ ግድብ ይጎድላል። የከርሰ ምድር እንፋሎት ግን ክረምት ከበጋ ሳይል ተርባይን ያዞራል። ጥያቄው ያለው ሌላ ቦታ ነው። የመቆፈሪያው ሪግ ከመተከሉ በፊት ሰውና ከብት የሚጠጡትን ውሃ ማን መርምሮ፣ ውጤቱን ማን መዝግቦ፣ ለማን ይናገራል? ዱብቲ ያለችበት የአዋሽ ሸለቆ ሕዝብ በሕግ ሊረጋገጥለት የሚገባው የመጀመሪያው ነገር የዚህ ጥያቄ መልስ ነው።

ጥያቄው ለምን እንደሚያስጨንቅ ለመረዳት የተፈጥሮ ጋዝን በፍራኪንግ ሲያወጡ የኖሩ አገሮችን ታሪክ ማየት ይበቃል። ፍራኪንግ ማለት ውሃን ከአሸዋና ከኬሚካል ጋር ቀላቅሎ፣ በከፍተኛ ግፊት ወደ ጥልቅ ጉድጓድ በመርጨት ዓለቱን መሰንጠቅና በውስጡ የታመቀውን ጋዝ ማስለቀቅ ነው። በአሜሪካ ፔንሲልቬኒያ ግዛት፣ ዲሞክ በምትባል የገጠር ቀበሌ፣ የጋዝ ቁፋሮ ከተስፋፋ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2009 በነዋሪዎች የመጠጥ ውሃ ጉድጓዶች ሜቴን ጋዝ መግባቱ ታወቀ። የግዛቱ ተቆጣጣሪዎች ጥፋቱን በጉድለት ከተሠሩ የጋዝ ጉድጓዶች ጋር አያያዙት። ቆፋሪው ኩባንያ ደግሞ በአካባቢው ውሃ ውስጥ ሜቴን ከድሮም የነበረ ነው ብሎ ተከራከረ። ነገሩ መቋጫ ያገኘው ከ13 ዓመት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የቀድሞውን ድርጅት የተካው ኩባንያ በቀረበበት የወንጀል ክስ ላይ እንደማይከራከር ለፍርድ ቤት ገልጾ፣ ለነዋሪዎቹ አዲስ የውሃ መስመር መዘርጊያ ከ16 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለመክፈል ተስማማ።

ዲሞክን ለዓመታት ያንገላታት የጋዙ መኖር ብቻ አይደለም። ከቁፋሮው በፊት ውሃው ምን ይመስል እንደነበር ሁሉም ወገን የሚቀበለው መዝገብ አለመኖሩም ጭምር ነው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ትልቅ ግምገማ ይህንኑ ችግር በአገር ደረጃ አይቶታል። ፍራኪንግ በአንዳንድ ሁኔታዎች የመጠጥ ውሃን ሊጎዳ እንደሚችል ደመደመ፤ መንገዶቹንም ዘረዘረ። የኬሚካል መፍሰስ፣ ደካማ የጉድጓድ ግንባታ፣ ፍሳሽን ሽፋን በሌለው ጉድጓድ ማጠራቀም፣ ውሃ በሚያጥርበት አካባቢ ብዙ ውሃ መቅዳት ከእነዚህ ይገኙበታል። ጉዳቱ ምን ያህል ጊዜ እንደሚደርስ ግን ማስላት አልቻለም፤ መረጃው ጎዶሎ ነበርና።

ፔንሲልቬኒያ ከዲሞክ የተማረችውን በሕግ አስፍራለች። እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣው ሕግ መሠረት ፍራኪንግ ከሚካሄድበት ጉድጓድ 760 ሜትር ገደማ ርቀት ውስጥ ያለ የመጠጥ ውሃ በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ ከተበከለ፣ ተጠያቂ ነው ተብሎ የሚገመተው ቆፋሪው ነው። ነጻ ለመውጣት ከፈለገ ማስረጃ የሚያቀርበው እሱ ነው፤ ከሚያድኑት ማስረጃዎች አንዱ ከቁፋሮው በፊት የተደረገ የውሃ ምርመራ ነው። ስለዚህ ኩባንያዎቹ ማንም ሳይለምናቸው የጎረቤቱን ውሃ ያስመረምራሉ። ፈረንሳይ ከዚህም ርቃ እ.ኤ.አ. በ2011 ፍራኪንግን ጨርሶ ከልክላለች።

ኢትዮጵያም ከዚህ ክርክር ውጭ አይደለችም። በሶማሌ ክልል ካሉብ የተፈጥሮ ጋዝ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1972 ቴኔኮ በተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ቁፋሮ ነው። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ፣ በመስከረም 2018 ዓ.ም የካሉብ ጋዝ የመጀመሪያው ምዕራፍ ምርት ተመርቋል። በመካከሉ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ፣ ዘ ጋርዲያን ጋዜጣ በአካባቢው ምንነቱ ያልታወቀ ሕመም እንደተከሰተ ነዋሪዎች መናገራቸውን ዘገበ፤ አርብቶ አደሮቹ ሕመሙን ከቁፋሮው ጋር አያይዘውት ነበር። የፌዴራል መንግሥት ባለሥልጣናት ክሱን አስተባበሉ። ማን ትክክል እንደሆነ በሩቅ ሆኖ መፍረድ አይቻልም። ከቁፋሮው በፊት የእያንዳንዱ ኤላና ኩሬ ውሃ ተመርምሮ ውጤቱ በአደባባይ ተቀምጦ ቢሆን ግን ወይ ሕዝቡ ከሥጋት ያርፍ ነበር፣ ወይ ጥፋተኛው በጊዜ ይታወቅ ነበር።

ይህ ጉዳይ በአዋሽ ሸለቆ ከሌላው ቦታ የበለጠ የሚከብድበት ምክንያት አለ። በስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ ማንም ሳይነካውም ጤናማ ላይሆን ይችላል። ከእሳተ ገሞራ ዓለት የሚሟሟው ፍሎራይድ በብዙ ጉድጓዶች የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም በላይ ነው። ጥርስ ያበልዛል፤ ሲከማችም አጥንት ያጎብጣል። ከአዋሽ ከተማ ሽቅብ፣ በወንጂ የስኳር እርሻ፣ ለዓመታት የጉድጓድ ውሃ የጠጡ ሠራተኞች ላይ የደረሰው የአጥንት ጉዳት በሕክምና ጽሑፎች በሰፊው ተመዝግቧል። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በስምጥ ሸለቆው የመጠጥ ውሃ ያለውን ፍሎራይድ የሚያሳይ ጥናት ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። ሙቅ ውሃ በሚፈልቅበት ምድር ደግሞ አርሴኒክና ቦሮን ሊጨመሩ ይችላሉ።

እንግዲህ ነገ አንድ ኩባንያ ዱብቲ ላይ ቆፍሮ የጎረቤት ኤላ ቢበላሽ መልሱ ዛሬውኑ ይታወቃል፤ "ይህ የተፈጥሮ ነው" ይባላል። ምናልባትም እውነት ይሆናል። ቀድሞ የተያዘ ልኬት ከሌለ ግን እውነቱንና ሰበቡን የሚለይ ነገር አይኖርም፤ ክርክሩም ውሃ ወቀጣ ይሆናል።

በዚሁ ሸለቆ እንዲህ ያለ ክርክር ታይቷል። መተሐራ አጠገብ ያለው የበሰቃ ሐይቅ ከስድሳና ሰባ ዓመት በፊት ስፋቱ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ በኋላ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆነ። የግጦሽ መሬት ዋጠ፤ መንገድና ባቡር ሐዲድ አስጨነቀ። ከፊሉ ባለሙያ ምክንያቱ ከመስኖ እርሻ የሚሰርግ ውሃ ነው ሲል፣ ከፊሉ የመሬት ውስጥ እንቅስቃሴ ነው ይላል። ክርክሩ ሳይቋጭ ጨዋማውና ፍሎራይድ የበዛበት የሐይቁ ውሃ ጎርፉን ለመከላከል ሲባል እየተመጠነ ወደ አዋሽ ወንዝ እንዲለቀቅ ተደረገ። ከዚያ በታች አዋሽ ሰባት፣ አሚባራ፣ ዱብቲና አሳይታ አሉ። ወንዙ እዚያ የሚደርሰው በላይኛው ተፋሰስ የአቃቂን የከተማ ፍሳሽና የሞጆን የቆዳ ፋብሪካዎች ዝቃጭ ተቀብሎ ነው። የታችኛው ተፋሰስ ሕዝብ ከላይ የመጣውን ሁሉ ይጠጣል፤ ከሥሩ ሌላ ብክለት ቢጨመርበት የሚሸሽበት ሁለተኛ ወንዝ የለውም።

የእንፋሎት ቁፋሮ ፍራኪንግ አይደለም፤ ሆኖም ውሃን የሚያሰጋባቸው መንገዶች ተመሳሳይ ናቸው። ከጥልቁ የሚወጣው ፈሳሽ ጨውና ማዕድን የተሸከመ ነው። ጉድጓዱ በብረት ኬሲንግና በሲሚንቶ በደንብ ካልታሸገ ይህ ፈሳሽ ከላይ ካለው ንጹሕ ውሃ ጋር ሊቀላቀል ይችላል። ከወጣ በኋላም ሽፋን በሌለው ኩሬ ከተጠራቀመ ወደ መሬት ይሰርጋል፤ ሜዳ ላይ ከተለቀቀ ግመሉና ፍየሉ ይጠጡታል። መፍትሔው የታወቀ ነው፤ ፈሳሹን በሌላ ጉድጓድ ወደመጣበት ጥልቀት መመለስ። ይህ ግን ተቆጣጣሪ ይፈልጋል፤ ሁለተኛ ጉድጓድ ሁለተኛ ወጪ ነውና።

ደረቅ ትኩስ ዓለትን በውሃ ግፊት ሰንጥቆ እንፋሎት የማውጣት ዘዴ ደግሞ ከፍራኪንግ ጋር የቅርብ ዘመድ ነው። በስዊዘርላንድ ባዝል ከተማ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2006 እንዲህ ያለ ሥራ በሬክተር 3.4 የተለካ የመሬት መንቀጥቀጥ አስነሥቶ ፕሮጀክቱ ቆሟል። አፋር ያለ ቆፋሪም ትንቀጠቀጣለች። በታኅሣሥና በጥር 2017 ዓ.ም በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ ወረዳዎች ምድሪቱ ሌት ተቀን ስትናጥ፣ ዶፈን ተራራ አጠገብ እንፋሎትና ጭቃ ሲፈነዳ፣ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ቀዬውን ለቅቋል። እንዲህ ባለ መሬት የጉድጓድ ሲሚንቶ አንዴ ታሽጎ የሚረሳ ነገር ሊሆን አይችልም፤ ከእያንዳንዱ ትልቅ መንቀጥቀጥ በኋላ መፈተሽ አለበት።

ሕግ የለም ማለት አይቻልም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ አካባቢ መብት ነው ይላል። አዋጅ ቁጥር 299/1995 የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ሳይጸድቅ ፕሮጀክት እንዳይጀመር ይከለክላል፤ ሪፖርቱም ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን ያዛል። አዋጅ ቁጥር 300/1995 ማንኛውም ሰው፣ ጉዳቱ በቀጥታ ባይነካውም፣ ብክለትን በሚመለከት አቤቱታ እንዲያቀርብ ይፈቅዳል። የእንፋሎት ልማትም የራሱ አዋጅ ቁጥር 981/2008 አለው።

ችግሩ ያለው በአፈጻጸሙ ላይ ነው። ለዓመታት የተጽዕኖ ግምገማን የማጽደቅ ሥልጣን ፕሮጀክቶቹን ለሚያስፋፉት የየዘርፉ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች በውክልና ተሰጥቶ ነበር። ማዕድን እንዲወጣ የሚገፋ መሥሪያ ቤት የማዕድኑን ጉዳት ራሱ ይመዝን ነበር ማለት ነው። አክሽን ፕሮፌሽናልስ አሶሲዬሽን ፎር ዘ ፒፕል የተባለው የሲቪክ ድርጅት የአቃቂንና የአዋሽን ብክለት በተመለከተ የፌዴራል አካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣንን ሲከስ ፍርድ ቤቱ ክሱን ሳይቀበለው ቀርቷል። የመክሰስ መብት በወረቀት ላይ ቢኖርም መንገዱ ጠባብ ነው። አንድ የዱብቲ አርብቶ አደር ደግሞ ጠበቃም ላቦራቶሪም የለውም።

ስለዚህ መደረግ ያለባቸው ነገሮች ብዙ አይደሉም። አንደኛ፣ የትኛውም ጥልቅ ቁፋሮ፣ ለእንፋሎትም ይሁን ለጋዝ ወይም ለፖታሽ፣ በዙሪያው ያለው የመጠጥ ውሃ ሁሉ በበጋም በክረምትም ሳይመረመር ፈቃድ አያግኝ። ፍሎራይድ፣ አርሴኒክ፣ ቦሮን፣ የጨው መጠንና የውሃው ሙቀት ይለኩ፤ ናሙናውን የሚወስደውም ከኩባንያው ነጻ የሆነ አካል ይሁን። ሁለተኛ፣ በተወሰነ ርቀትና ጊዜ ውስጥ ውሃ ከተበላሸ የማስረዳት ሸክሙ በቆፋሪው ላይ እንዲወድቅ ሕጉ ይሻሻል። ሦስተኛ፣ ቆፋሪው ሥራውን ሲጨርስ ጉድጓዱን የሚያሽግበት ገንዘብ ቀድሞ በዋስትና ያስይዝ። አራተኛ፣ ፈቃድ ሰጪውና ጉዳት መዛኙ ተለያይተው ይቀመጡ።

የምርመራው ውጤትም አዲስ አበባ መዝገብ ቤት ውስጥ ተዘግቶበት እንዳይቀር። አፋሮች ዳጉ የሚሉት ነባር የመረጃ ልውውጥ አላቸው፤ ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ተቀምጠው ስለ ሰላሙ፣ ስለ ግጦሹና ስለ ውሃው ያዩትን የሰሙትን ይነጋገራሉ፤ ወሬን ሳያጣሩ ማስተላለፍም ነውር ነው። የእያንዳንዱ ኤላ ውጤት በአፋርኛ ለጎሳ መሪዎችና ለሴቶች፣ ውሃ ቀጂዎቹ እነሱ ናቸውና፣ በቃል ቢነገር ዳጉ ከየትኛውም ማስታወቂያ ሰሌዳ በፈጠነ ለሕዝቡ ያደርሰዋል።

ይህ ሁሉ ባለሀብት ያሸሻል የሚሉ አሉ። አንድ ጥልቅ የእንፋሎት ጉድጓድ ለመቆፈር በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር ያስፈልጋል፤ የውሃ ናሙና ምርመራ ከዚያ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። ከዚያም በላይ ቀድሞ የተያዘ ልኬት ንጹሑን ኩባንያ ከሐሰት ክስ ያድነዋል። ባለሀብትን የሚያሸሸው ዲሞክ ላይ እንደታየው ያለ ለዓመታት የሚጎተት ጸብ ነው።

ውሃው ቀድሞውንም መጥፎ ከሆነ ምርመራው ምን ይጠቅማል የሚለውም ጥያቄ ይነሣል። ይጠቅማል። ፍሎራይድ የበዛበት ጉድጓድ በጊዜ ከታወቀ ሕዝቡ ሌላ ምንጭ ወይም ማጣሪያ ይፈለግለታል፤ ቁፋሮ ቢመጣም ባይመጣም።

የአፋር ክልል ውሃ ቢሮና የፌዴራል አካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን የሚቀጥለውን ሪግ መጠበቅ አይኖርባቸውም። ሰመራ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ወጣት ኬሚስቶችና የጂኦሎጂ ምሩቃን አሉ። በዱብቲ፣ በአላሎባድና በአይሮቤራ ዙሪያ ያሉት የውሃ ነጥቦች በሚመጣው በጋ ይመርመሩ፤ ውጤቱም ለሕዝብ ይነገር።