ሶፍትዌሩ የእርስዎ፣ መረጃው የአማዞን

ፊልም የሚሰበስብ ሰው ቁጥሩ ሁለትና ሦስት መቶ ሲደርስ ጭንቀት ይጀምረዋል። ቤቱ ያለውን ፊልም ደግሞ ይገዛል፤ ያዋሰውን ይረሳል። ይህን ችግር እንፈታለን ብለው ገበያ የወጡ የመመዝገቢያ ሶፍትዌሮች ጥቂት አይደሉም። ሻጮቹ በአንድ ድምፅ የሚያወሩት ስለ ፍጥነት ነው። ባርኮዱን ለካሜራ ያሳዩ፣ ርዕሱ፣ ዳይሬክተሩ፣ ተዋናዮቹና የሽፋኑ ሥዕል ወዲያው ይመጣል ይላሉ። እውነት ነው፣ ይመጣል። ገዢው ሊጠይቅ የሚገባው ግን ከየት ይመጣል የሚለውን ነው።

ዴሊሼስ ላይብረሪ የተባለውን የማኪንቶሽ ሶፍትዌር እንመልከት። ገበያ ላይ የዋለው በኖቬምበር 2004 እ.ኤ.አ. ሲሆን ዋጋው 40 ዶላር ያህል ነበር። ፊልሞቹን የእንጨት መደርደሪያ በሚመስል ገጽ ላይ ደርድሮ የሚያሳይ፣ ዓይን የሚማርክ ሥራ ነበር። ይሁንና መረጃውን የሚቀዳው ከአማዞን ነው። አማዞን ደግሞ መረጃውን የሚሰጠው በራሱ ውልና ለራሱ ሽያጭ ሲል ነው። ይኸው ውል በሞባይል ስልክ መጠቀምን ስለሚከለክል በ2009 የአይፎኑ ቅጂ ከገበያ ወጣ። በ2024 ደግሞ መስመሩ ጭራሽ ተዘጋና የሶፍትዌሩም ዕድሜ በዚያው አበቃ። 40 ዶላር የከፈለው ሰው የመዘገበው አልጠፋበትም፤ አዲስ ፊልም ሲጨምር ግን በእጁ መጻፍ ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅ ማለት ይኼ ነው።

በነፃ የሚገኙም አሉ። አንት ሙቪ ካታሎግ ለዊንዶውስ የተሠራ ነው፤ ከድረ ገጾች መረጃ የሚለቅሙ ትንንሽ ፕሮግራሞች አሉት። ድረ ገጹ መልኩን በለወጠ ቁጥር ለቃሚው ይበላሻል፤ አንድ በጎ ፈቃደኛ እስኪጠግነው መጠበቅ ግድ ነው። በሌላ በኩል ኮሌክተርዝ የተባለው የሆላንድ ድርጅት ከራሱ የመረጃ ማዕከል ያቀርባል፤ ክፍያው በየወሩ ወይም በየዓመቱ ነው። ብዙ ሰው በዚህ ይማረራል። እኔ ግን ይኼኛው ሒሳብ ይበልጥ ያሳምነኛል። መረጃ በየቀኑ መታደስ አለበት፣ ማደስ ወጪ ነው፤ አንድ ጊዜ ተቀብሎ ዕድሜ ልክ አገለግላለሁ የሚል ሻጭ ወጪውን ማን እንደሚሸፍንለት ይንገረን።

የእኛ አገር ሰብሳቢ ተጨማሪ ጣጣ አለበት። የሆሊውዱ ዲስክ በባርኮዱ ሲገኝ፣ በ1957 ዓ.ም. የተሠራው «ሂሩት አባቷ ማነው?» በእጅ ይጻፋል። ሲጻፍም ዓመቱ በማን አቆጣጠር? ሶፍትዌሩ ዓመተ ምሕረት አያውቅም፤ ፊልሙን ሰባትና ስምንት ዓመት ወደኋላ ወስዶ ያሰልፈዋል። የአባትን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ የሚደረድር ከሆነ ኃይሌ ገሪማን «ገሪማ» ብሎ ይመዘግበዋል። በ«ሠ» የተጻፈውን በ«ሰ» ቢፈልጉት ደግሞ የለም ይልዎታል፤ ፊልሙ ግን መደርደሪያው ላይ ነው። ስለዚህ አንድ ዓይነት አጻጻፍ ገና ከመጀመሪያው መምረጥ ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ ዋጋው የሶፍትዌሩ አለመሆኑን ልብ ይሏል። 600 ፊልም ያለው ሰው ለእያንዳንዱ ሦስት ደቂቃ ቢያጠፋ 30 ሰዓት ይሆናል። ትልቁ መዋዕለ ንዋይ ይኼ ጉልበት ነው፤ ከሶፍትዌሩ ጋር አብሮ እንዳይቀበር ማድረግ የገዢው ፈንታ ነው። ኔትፍሊክስ በሴፕቴምበር 2023 ዲስክ በፖስታ መላኩን ካቆመ ወዲህ ዲስክ ሞቷል የሚሉ አሉ። ይሁን። መስመር ላይ የማይገኝ ፊልም በእጁ ላለ ሰው ግን የመዝገቡ ጥቅም ጨመረ እንጂ አልቀነሰም።

እንግዲህ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት በሙከራ ጊዜው ሃያ ፊልም ያስገቡ፤ አምስቱ አማርኛ ይሁኑ። ከዚያ ዝርዝሩን ወደ ውጭ ያውጡና በኤክሴል ይክፈቱት። ማውጫ መንገድ የሌለው ከሆነ የቀረውን አይመልከቱ። ካለውና የአማርኛው ፊደል ተመሰቃቅሎ ከታየ ግን ተስፋ አይቁረጡ፤ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የኤክሴል አከፋፈት ነው። ፋይሉን ዝም ብሎ ከመክፈት ይልቅ በ«ዳታ» ማውጫ በኩል አስገብተው ዩ.ቲ.ኤፍ. 8ን ሲመርጡ ይስተካከላል።