ዋስትናው ካለቀ በኋላስ?

በዚህ ዓምድ አብዛኛውን ጊዜ የምንጨዋወተው ስለ ደም ግፊት፣ ስለ ስኳርና ስለ ልጆች ክትባት ነው። ዛሬ ግን ከጤና ትንሽ ወጣ ብዬ ብዙ ሰው ወደሚያማርርበት ጉዳይ ልግባ። ሦስት አራት ዓመት በደህና ሲሠራ የቆየ ቴሌቪዥን አንድ ቀን ድርግም ብሎ ሲጠፋ ተጠያቂው ማነው? ሻጩ ነው? አስመጪው ነው? ወይስ “ዕድሜው ደርሶ ነው” ብለን ዝም ማለት ነው ያለብን?

“ቴሌቪዥን ቅንጦት አይደለም እንዴ፣ ይህም ጉዳይ ሆኖ!” የሚል አይጠፋም። ለሚወጣና ለሚገባ ሰው ቅንጦት ሊሆን ይችላል። አልጋ ላይ ለዋለ በሽተኛ፣ ጉልበቱ አልታዘዝ ብሎት ከቤት ለማይወጣ አዛውንት ግን መስኮቱ ነው። እኔ እናቴን ነው የማስታምመው። 86 ዓመቷ ነው፤ ከደጅ ከወጣች ቆይታለች። ቅዳሴውን የምታዳምጠው፣ ዜናውን የምትሰማው፣ ቀኑ እሑድ ይሁን ማክሰኞ የምትለየው በቴሌቪዥኑ ነው። የተበላሸ ጊዜ ቀን ቀን ስታንቀላፋ ትውልና ሌሊት እንቅልፍ አጥታ ታድር ነበር። እንዲህ ያለውን ነገር በሥራ ዘመኔ በተኝቶ ታካሚዎች ክፍል ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ቀንና ሌሊት የተምታታበት አዛውንት የምግብ ፍላጎቱ ይቀንሳል፤ ቶሎም ይደናገራል።

ያንን ቴሌቪዥን የገዛነው በ2012 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ፣ እቁብ ሲደርሰኝ ነው። ባለ 43 ኢንች ነው። በ2015 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ድምፁ እየተሰማ ምስሉ ጨለመ። የገዛንበት ሱቅ ስሄድ የሚሸጠው ወጣት ነገሬን ሳልጨርስ “ማዘር፣ ዋስትናው የአንድ ዓመት ነው፤ አልቋል። ይሄ ስክሪኑ ሄዷል ማለት ነው፤ የሚያዋጣዎት አዲስ መግዛት ነው” አለኝ። ከዚህ ንግግር ግማሹ እውነት ነው። ግማሹ ግን ሳይመረምሩ የተሰጠ ፍርድ ነው። ሁለቱን እንለያቸው።

ሕጉ የሚሰጠንና የማይሰጠን

ብዙ ሰው “ዋስትና” ሲባል ወደ አእምሮው የሚመጣው ከካርቶኑ ውስጥ የሚወጣው ካርድ ብቻ ነው። ካርዱ ሻጩ ወይም አምራቹ የሚገባው ቃል ነው። ስንት ጊዜ እንደሚቆይ፣ የትኛውን ክፍል እንደሚሸፍንና እንደማይሸፍን የሚታወቀው በላዩ ከተጻፈው ነው። ከካርዱ ውጭ ግን ሕግም አለ።

አንደኛው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነው። በዚህ አዋጅ መሠረት የገዛነው ዕቃ ጉድለት ከተገኘበት፣ ከገዛንበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥልን ወይም ገንዘባችን እንዲመለስልን መጠየቅ እንችላለን። “የተሸጠ ዕቃ አይመለስም” የሚለው በየሱቁ የተለጠፈ ወረቀት ጉድለት ላለበት ዕቃ ማምለጫ አይሆንም። አዋጁ ከዚህ የተሻለ ዋስትና ወይም ውል ካለን እሱን አይነካብንም። ስለዚህ የአንድ ዓመት ካርድ የሰጠ ነጋዴ በስምንተኛው ወር “15 ቀን አልፏል” ብሎ ሊመልሰን አይችልም።

ሁለተኛው በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ነው። ሻጭ የሸጠው ዕቃ ለታሰበለት አገልግሎት እንዳይውል የሚያደርግ ጉድለት እንደሌለበት ዋስ ይሆናል። ገዢም የራሱ ግዴታ አለበት። ዕቃውን እንደተረከበ መመርመር፣ ጉድለት እንዳገኘም ሳይውል ሳያድር ለሻጩ ማስታወቅ አለበት። አስታውቆም ቢሆን ዝም ብሎ ከተቀመጠና አንድ ዓመት ካለፈ መብቱን ያጣል። ሻጩ ጉድለቱን እያወቀ በተንኮል ደብቆ ከሆነ ግን “ኃላፊነት አልወስድም ብዬ ጽፌያለሁ” ብሎ መገላገል አይችልም።

ታዲያ ሦስት ዓመት ተኩል ለሠራ ቴሌቪዥን ይህ ምን ይጠቅመናል? በግልጽ እንነጋገር። ዕቃው ሲሸጥ ጀምሮ የተደበቀ ጉድለት ነበረበት የምንል ከሆነ ማስረዳት ያለብን እኛው ነን። ይህን ያህል ጊዜ ካገለገለ በኋላ ማስረዳቱ በጣም ከባድ ነው። ሻጩ “መብራት ሄዶ ሲመጣ ነው ያቃጠለው” ቢል የምንመልሰው አይኖረንም። ስለዚህ ወጣቱ “ዋስትናው አልቋል” ያለው ትክክል ነበር። ያም ሆኖ ካርዱን ሳያነቡ አምኖ መመለስ አይገባም። አንዳንዱ ካርድ ለጠቅላላው ዕቃ አንድ ዓመት ሰጥቶ ለአንድ ክፍል ብቻ ረዘም ያለ ጊዜ ይጨምራል። የእኛው እንዲህ ያለ ነገር አልነበረውም፤ የእናንተ ሊኖረው ይችላል።

ልጆቻችሁ ከውጭ አገር ገዝተው ላመጡላችሁ ደግሞ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የአገሩ ሕግ የተለያየ ነው። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ሻጭ ለአዲስ ዕቃ ቢያንስ ለሁለት ዓመት በሕግ ይጠየቃል። በእንግሊዝ አገር በ2015 እ.ኤ.አ. በወጣው የሸማቾች መብት ሕግ በመጀመሪያው ስድስት ወር የታየ ብልሽት ሲሸጥም እንደነበረ ይቆጠራል። ከዚያ በኋላ የማስረዳቱ ሸክም ወደ ገዢው ይዞራል፤ እስከ ስድስት ዓመት ግን መክሰስ ይችላል። ይህ መብት የሚሠራው ግን እዚያው በገዛው ሰው ስም፣ እዚያው ሻጭ ዘንድ ነው። የአምራቹም ዋስትና ብዙውን ጊዜ ከተሸጠበት አገር አያልፍም። አዲስ አበባ ሆኖ “ለንደን የተገዛ ነው” ማለት ብቻውን ዋጋ የለውም። በሻንጣ የመጣ ቴሌቪዥን ርካሽ ቢመስልም ያለ ዋስትና የተገዛ ነው ብላችሁ አስቡት።

ካርድ የሌለው በሽተኛ

ሐኪም ቤት የሄደ ሁሉ ያውቀዋል፤ ካርድ ሳይወጣ የሚጀመር ነገር የለም። ለዕቃችን ካርዱ ደረሰኙ ነው። ነጋዴው “በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?” ሲል 15 በመቶውን የተጨማሪ እሴት ታክስ እንዳንከፍል ያዘነልን ይመስላል። ያለ ደረሰኝ የገዛ ሰው ግን ነገ ዕቃው ሲበላሽ ከዚያ ሱቅ መግዛቱን የሚያሳይበት ወረቀት የለውም። ደረሰኝ መስጠት የነጋዴው ግዴታ፣ መቀበል ደግሞ የእኛ ጥቅም ነው።

ከካሽ ሪጅስተር የሚወጣው ወረቀት ሙቀትና ብርሃን ሲያገኘው ጽሑፉ ይጠፋል። ዓመት ሳይሞላው ነጭ ወረቀት ሆኖ ያገኘው ሰው ብዙ ነው። ስለዚህ በገዛችሁበት ቀን ፎቶ ኮፒ አድርጉት፤ በስልካችሁም ፎቶ አንሱት። የዋስትና ካርዱ ላይ የሱቁ ማኅተምና የተገዛበት ቀን መኖሩን እዩ። ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ያለውን መለያ ቁጥር ጻፉና ሁሉንም በአንድ ፖስታ ውስጥ አድርጉ።

ሳይመረመር መድኃኒት አይታዘዝም

“ስክሪኑ ሄዷል” የሚለው ቃል ከባድ ነው። ስክሪኑ የቴሌቪዥን ውዱ ክፍል ነው፤ እሱን ለመለወጥ የሚጠየቀው ዋጋ ብዙ ጊዜ ወደ አዲሱ ዋጋ ይጠጋል። ስለዚህ እውነት እሱ መሆኑን ሳናጣራ አዲስ ወደ መግዛት መሮጥ የለብንም። በሽተኛ ሲመጣ “መቼ ጀመረህ? እንዴት ጀመረህ?” ብለን እንደምንጠይቀው ሁሉ ቴሌቪዥኑንም እንጠይቀው።

ድምፅ እያለ ምስሉ ከጨለመ፣ ክፍሉን አጨልሙና የእጅ ባትሪ ወይም የስልክ መብራት ወደ ስክሪኑ አስጠግታችሁ አብሩ። ምስሉ ደብዘዝ ብሎ ሲንቀሳቀስ ከታያችሁ ስክሪኑ ሕያው ነው። የሞተው ከጀርባው የሚያበራለት የኤልኢዲ አምፖሎች መስመር ወይም ለእሱ ኃይል የሚሰጠው ክፍል ነው። የአምፖሎቹ መስመር የሚለወጥ ነገር ነው።

ጭራሽ የማይበራ፣ ትንሿ ቀይ መብራት እንኳ የማትታይበት ከሆነ መጀመሪያ ሶኬቱንና ማከፋፈያውን በሌላ ዕቃ ሞክሩ። እሱ ደህና ከሆነ ብዙውን ጊዜ ችግሩ ኃይል የሚቀበለው ቦርድ ላይ ነው። ይህም አብዛኛውን ጊዜ ይጠገናል። ስክሪኑ ተሰንጥቆ ወይም ቀለም እንደፈሰሰበት ሆኖ ከታያችሁ ግን ያኔ “ስክሪኑ ሄዷል” ማለት ያስኬዳል።

ከዚህ አልፋችሁ ራሳችሁ እንዳትከፍቱት አደራ። ከሶኬት ተነቅሎም ቢሆን ውስጡ የተጠራቀመ ኤሌክትሪክ ይቆያል። ከኋላቸው ያበጡት የድሮዎቹ ቴሌቪዥኖች ደግሞ በዚህ በኩል የባሱ ናቸው። ዋስትናው ያላለቀ ከሆነም በሌላ ሰው ማስከፈት ዋስትናውን ሊያሳጣችሁ ይችላል።

ጥገናም ግዢ ነው

ብዙዎቻችን የማናስተውለው እዚህ ላይ ነው። የዕቃው ዋስትና ሲያልቅ ሸማችነታችን አብሮ አያልቅም። ጠጋኝ ቤት ስንገባ አዲስ አገልግሎት እየገዛን ነው። ያው አዋጅ አገልግሎትንም ይመለከታል፤ ጉድለት ያለበት አገልግሎት ከተሰጠን በ15 ቀን ውስጥ ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንደገና እንዲሠራልን ወይም የከፈልነው እንዲመለስልን መጠየቅ እንችላለን። ይህን ለመጠየቅ ግን ከመጀመሪያው አራት ነገር ያስፈልጋል፦

አንደኛ፣ የተገኘው ብልሽት ምን እንደሆነ በጽሑፍ ይሰጣችሁ። ሁለተኛ፣ ሥራው ሳይጀመር ዋጋው ይነገራችሁ፤ “ከፍተን እናየዋለን” ካሉም ለማየት ብቻ ስንት እንደሚያስከፍሉ ጠይቁ። ሦስተኛ፣ የተለወጠውን አሮጌ ክፍል ተረከቡ፤ ያልተለወጠ ነገር “ተለውጧል” እንዳይባል የሚጠብቃችሁ እሱ ነው። አራተኛ፣ ደረሰኝ ተቀበሉ፤ ለጥገናው የሚሰጠው ዋስትናም ይጻፍበት።

እኔም ከሱቁ ወጥቼ ወደ ሌላ ጠጋኝ ሄድኩ። ባለሙያው እንደ ልጄ የሚሆን ሰው ነው፤ ከፍቶ አሳየኝ። ከአምፖሎቹ መስመር አንዱ ተቃጥሏል። ሁሉንም በአንድ ጊዜ መለወጥ እንደሚሻል ነገረኝ፤ አንዱ ከሞተ ሌሎቹም ያው ዕድሜ ስላላቸው ይከተሉታል አለኝ። 4 ሺህ 500 ብር ከፈልኩ፤ የሦስት ወር ዋስትና ጻፈልኝ። ያኔ ተመሳሳዩ አዲስ ቴሌቪዥን ከ30 ሺህ ብር በላይ ይጠራ ነበር። በጡረታ ለሚተዳደር ቤት የሁለቱ ልዩነት የብዙ ወር አስቤዛ ነው። እናቴም በሳምንቱ ቅዳሴዋን አዳመጠች፤ ሌሊቱንም ተኛች።

ሁሉም ይጠገን ማለቴ አይደለም። የጥገናው ዋጋ ከአዲሱ ግማሽ ካለፈ፣ ወይም ተጠግኖ በዓመቱ ውስጥ ሁለተኛ ከተበላሸ፣ መተው ይሻላል ባይ ነኝ።

ቢያስቸግሩንስ?

አዋጁ ሸማች በአክብሮት የመስተናገድ፣ ከስድብና ከዛቻ የመጠበቅ፣ ስለሚገዛው ዕቃም በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይናገራል። በዕቃው ወይም በአገልግሎቱ ጉዳት ከደረሰብንም ካሣ መጠየቅ እንችላለን።

መጀመሪያ ቅሬታችሁን ለሻጩ ወይም ለጠጋኙ በጽሑፍ ስጡ፤ ኮፒው ላይ “ተቀብያለሁ” ብሎ እንዲፈርም አድርጉ። እሺ ካላለ ቀኑን ጽፋችሁ በምስክር ፊት መስጠታችሁን ያዙ። ካልሆነ ሱቁ ወዳለበት ወረዳ ንግድ ጽሕፈት ቤት ሂዱ። በፌዴራል ደረጃ ቀድሞ ይህን የሚሠራው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ ባለሥልጣን ነበር፤ ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ሥራው ወደ ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ተጠቃሏል። የትም ብትሄዱ የምትጠየቁት ያንኑ ፖስታ ነው፤ ደረሰኝ፣ ካርድ፣ መለያ ቁጥር፣ የጻፋችሁት ደብዳቤ።

ከመታመሙ በፊት

መብራት ሲጠፋ ቴሌቪዥኑን ከሶኬት ንቀሉ፤ ሲመጣም ጥቂት ደቂቃ ታግሳችሁ ሰኩ። አቅም ከፈቀደ ስታብላይዘር ግዙ፤ በኃይል መዋዠቅ የተቃጠለ ዕቃን አብዛኛው ዋስትና አይሸፍንም። ነጎድጓድ ሲኖር የዲሹንም ገመድ ጭምር ንቀሉ፤ መብረቅ በእሱም ይገባል። የስክሪኑን ብርሃን ከልክ በላይ አታድምቁት፤ ለዓይንም ይሻላል፣ የአምፖሎቹንም ዕድሜ ያረዝማል። ጀርባውን ከግድግዳና ከመጋረጃ ጋር አታጣብቁት፣ አየር ያግኝ።

ትንንሽ ልጆች ያሉበት ቤት ደግሞ ቴሌቪዥኑን ግድግዳ ላይ አጥብቃችሁ እሰሩት። ባፌ ላይ የቆመ ሰፊ ቴሌቪዥን አንድ የሁለት ዓመት ልጅ ሲንጠለጠልበት ይወድቃል። ይህን ጉዳት ደግሞ ማንም በካሣ አይመልሰውም።

በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ወትሮው ወጋችን እንመለሳለን፤ በክረምት ስለሚበረታው የልጆች ሳል እንጨዋወታለን። እስከዚያው የዋስትና ካርዳችሁን ፈልጉና ቀኑን እዩት። ቸር ሰንብቱ።