በፆሙ ወር ታማሚ አረጋውያን ከማዕድ እንዳይጎድሉ!

የረመዳን ወር ሲገባ የቤቱ ሥርዓት ይለወጣል። ቀን ላይ ማድቤቱ ጭር ይላል፤ ከአስር ሰዓት በኋላ ሾርባው፣ ሳምቡሳውና ተምሩ ለኢፍጣር ይሰናዳል፤ ሌሊት ደግሞ ቤተሰቡ ለሱሑር ይነሳል። በስትሮክ ተመትተው በማገገም ላይ ላሉ አባቶቻችንና እናቶቻችን ግን ይህ ሥርዓት፣ ካልታሰበበት፣ ቀኑ ያለ ምግብና ያለ ውኃ የሚያልፍበት ሊሆን ይችላል።

ስትሮክ የሚያዳክመው እጅና እግርን ብቻ አይደለም፤ የመዋጥ አቅምንም ይነካል። ብዙ ታማሚዎች ውኃ ሲጠጡ ትን ይላቸዋል፤ ከበሉ በኋላ ድምፃቸው ይለወጣል፤ ምግቡ በሰለለው ጉንጫቸው በኩል ይቀራል። ምግብ ወይም መጠጥ ወደ ሳንባ ከገባ ለሳንባ ምች ያጋልጣል። ትንታውን የፈራ ሰውም ቀስ በቀስ መብላትና መጠጣት ይቀንሳል። በዚህ ላይ በእርጅና የጥም ስሜት ይደክማል፤ ንግግር የተያዘበት ታማሚም ‹‹ራበኝ›› ማለት ይቸግረዋል። በቂ ምግብ ያላገኘ ሰው ጡንቻው ይሟሽሻል፤ በፊዚዮቴራፒ የተገኘው ለውጥ ወደኋላ ይመለሳል፤ የአልጋ ቁስልም ይበረታል። 60 ኪሎ ይመዝኑ የነበሩ አረጋዊ ሳያስቡት በጥቂት ወራት ውስጥ 3 ኪሎ ከቀነሱ፣ ለሐኪም ሊነገር የሚገባው እንጂ ‹‹እርጅና ነው›› ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

ከልማዳችንም ሊጤኑ የሚገባቸው አሉ። ለመግሪብ ሶላት ለመድረስ በጥድፊያ በሚበላበት ትሪ፣ ቀስ ብሎ የሚውጥ ሰው ሳይጠግብ ማዕዱ ይነሳል። በፍቅር የሚሰጥ ትልቅ ጉርሻም ለእርሱ አደጋ ነው። ቀኝ እጃቸው የሰለለባቸው አንዳንድ አረጋውያን ደግሞ በግራ እጅ መብላትን ስለሚያፍሩ ረሃባቸውን ይደብቃሉ። ቀኝ እጁ የማይታዘዝለት ሰው በግራው ቢበላ ነውር እንደሌለበት ዑለማዎች የሚያስተምሩትን ልናስታውሳቸው ይገባል።

በፆሙ ጉዳይም መንገዱ የተዘጋ አይደለም። ቁርኣን በሱረቱል በቀራህ 184ኛና 185ኛ አንቀጾች ለታመመ ሰው ፈቃድ ሰጥቷል። የሚድነው በሌሎች ቀናት ቀዷ ያወጣል፤ የመዳን ተስፋ የሌለው ደግሞ ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ምስኪን በማብላት ፊድያ እንደሚከፍል ዑለማዎች ያስረዳሉ። ዕድሜ ልካቸውን የፆሙ ወላጆች ‹‹እንዴት አፈጥራለሁ?›› ቢሉ አይፈረድባቸውም። ነገሩን በልጅ ቁጣ ሳይሆን በሐኪማቸውና በሚያከብሩት ሸህ አንደበት ቢሰሙት ልባቸው ያርፋል። የደም ግፊትም ሆነ የደም ማቅጠኛ መድኃኒት ያለ ሐኪም ምክር ሰዓቱ ሊቀየር ወይም ሊቋረጥ አይገባም።

ስለዚህ ሐኪሙ እንዲበሉ ላዘዘላቸው ታማሚ እያንዳንዱ ቤተሰብ የቀን ምግብ ተረኛ እንዲመድብ እንጠይቃለን። ታማሚውን ቀጥ አድርጎ ማስቀመጥ፣ በትንሽ ማንኪያ ሳያጣድፉ ማብላት፣ ከበሉ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ሳይተኙ ማቆየት፣ አፋቸውንም ማጽዳት ያስፈልጋል። አንድ ጊዜ ብዙ ከማቅረብ በቀን አምስት ስድስት ጊዜ ጥቂት ጥቂት መስጠት ይሻላል። ወፈር ያለ አጥሚት፣ እርጎ፣ በደንብ የበሰለና የላመ ክክ፣ ለስላሳ እንቁላል በየቤታችን የሚገኙ ናቸው፤ ጨው ግን ይቀነስ። ደረቅ ሳምቡሳና ቁርጥራጭ ያለበት ቀጭን ሾርባ ለመዋጥ ያስቸግራሉ። ትን የሚላቸው ከሆነ የምግቡንና የመጠጡን ውፍረት ሐኪም ይወስን።

ከሁሉም በላይ ወላጆቻችን በቀን ሲበሉ እንደ ጥፋተኛ ጥግ ይዘው ብቻቸውን እንዳይሆኑ አጠገባቸው እንቀመጥ። ፆመኛን ማስፈጠር ትልቅ አጅር እንዳለው እናውቃለን፤ መፆም ያልቻለን ወላጅ በክብር ማብላትም ከዚህ ወር ኢባዳ ውጭ አይደለም። ለጎረቤት የኢፍጣር ሾርባ ከመላካችን በፊት፣ በገዛ ቤታችን ያሉት አረጋዊ ቀኑን ምን ቀምሰው እንደዋሉ እንጠይቅ!