ዕቃ ከመታዘዙ በፊት ጉድለቱ ይታወቅ

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። በሽታው ሳይታወቅ መድኃኒት የሚገዛም ገንዘቡን ከማባከን አይድንም። የአነስተኛ አይሮፕላን ሞተር ሲንተፋተፍ፣ ባለንብረቱ ፈጥኖ ማግኔቶ ወይም ካርቡሬተር ከውጭ አገር እንዲመጣለት አስመጪውን ያዛል። ዕቃው ደርሶ ከተገጠመ በኋላ ግን ሞተሩ እንደ ቀድሞው ሲንተፋተፍ ይገኛል።

ባለ4 ሲሊንደር የሆነው የተለመደው ሞተር 2 ማግኔቶና 8 ካንዴላ አለው። መካኒኩ ማግኔቶዎቹን በየተራ እያጠፋ ቢሞክር ጉድለቱ በየትኛው ወገን እንዳለ ይለያል። ከነዳጁ ማጠራቀሚያ ሥር ጥቂት ቀድቶ ቢያይም ውሃ መግባት አለመግባቱን ይረዳል። እንደ አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ስፍራ ደግሞ አየሩ ስስ ስለሆነ፣ ለቆላ የተመጠነው ነዳጅ ይበዛና ካንዴላው በጥላሸት ይሸፈናል። የዚህ መድኃኒቱ ነዳጁን መመጠንና ካንዴላውን መጥረግ እንጂ አዲስ ዕቃ መግዛት አይደለም።

የአስመጪ ሥራው መሸጥ እንጂ መመርመር አይደለም የሚል ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ያልተፈለገ ዕቃ የሸጠ ነጋዴ የአንድ ቀን ትርፍ አግኝቶ ደንበኛውን ያጣል። ስለዚህ ትእዛዝ ከመቀበሉ አስቀድሞ ፈቃድ ያለው መካኒክ የሰጠውን የምርመራ ቃል በጽሑፍ ይጠይቅ፤ ከሚያስመጣው ዕቃ ጋርም የብቃት ምስክር ወረቀቱ መኖሩን ያረጋግጥ። ሞተር በአየር ላይ ቢቆም የሚከፈለው ዋጋ ገንዘብ ሳይሆን የሰው ሕይወት ነውና።