የብዕር ወንድሙን የማይደግፍ ክርስቲያን

ክርስቲያን ነን በሚሉ ጸሐፊዎች መካከል ምቀኝነት ገብቶ የክብር ወንበር ይዟል ብል የሚቀየመኝ ብዙ ነው። እውነቱ ግን ይኸው ነው። አንዱ መጽሐፍ ሲያሳትም ሌላው ዝም ይላል፤ ዝምታውንም ትሕትና ይለዋል። አንዱ ረቂቁን ይዞ ምክር ሲጠይቅ ሌላው «እጸልይልሃለሁ» ብሎ ከደጅ ይመልሰዋል፤ ይህንንም ፍቅር ይለዋል። በሽታ የጤና ስም ከተሰጠው መድኃኒት የሚፈልግለት አይገኝምና፣ ነገሩን በስሙ መጥራት ይገባል።

ወጣቶች ሆይ፤ ይህን መጻፌ ስለ እናንተ ነው። ከእናንተ መካከል መዝሙር የሚደርስ፣ ታሪክ የሚጽፍ፣ ለሰንበት ተማሪዎች ትምህርት የሚያዘጋጅ አለ። ከሽማግሌዎቹ የሚማረው ግን መጻፍን ብቻ አይደለም፤ መናናቅንም አብሮ ይማራል። ስለዚህ ይህን ክፉ ልማድ የሚደግፉትን ምክንያቶች አንድ በአንድ እንመርምራቸው።

መጀመሪያው ምክንያት፣ «ሥራው የእግዚአብሔር ከሆነ እግዚአብሔር ራሱ ያቆመዋል፤ የሰው ድጋፍ ምን ይጨምርለታል?» የሚል ነው። ይህ አነጋገር ሲሰሙት መንፈሳዊ ይመስላል፤ ሲመረምሩት ግን የስንፍና መሸፈኛ ነው። ነቢዩ ኤርምያስ ቃሉን የተቀበለው ከእግዚአብሔር ነበር፤ በመጽሐፍ ጥቅልል ላይ የጻፈው ግን የኔርያ ልጅ ባሮክ ነው። ንጉሥ ኢዮአቄም ያን ጥቅልል በካራ እየቀደደ በእሳት ባቃጠለው ጊዜ፣ ባሮክ እንደ ገና ሌላ ጥቅልል ይዞ ተቀመጠና ከፊተኛው አብልጦ ጻፈ። እግዚአብሔር ያለ ባሮክ ማስጻፍ ተስኖት አልነበረም፤ ነገር ግን በባሮክ እጅ መሥራትን ወደደ። ለሮሜ ሰዎች የተላከውንም መልእክት በእጁ የጻፈው ጤርጥዮስ ነው፤ ጳውሎስም የዚህ ረዳቱ ሰላምታ በመልእክቱ መጨረሻ እንዲገባ አላፈረም።

የአገራችንም ታሪክ ምስክር ነው። ከመቶ ዓመት በላይ የአማርኛ አንባቢ የተጠቀመበት የመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም መሠረቱን ያገኘው በካይሮ ነው። ሥራውን የሠራ አቡ ሩሚ የተባለ ኢትዮጵያዊ መነኩሴ ነበር። ይሁን እንጂ ብቻውን አልነበረም። አስሊን ደ ሼርቪል የተባለው የፈረንሳይ ቆንስል አሥር ዓመት ያህል አብሮት እየተቀመጠ፣ ዐረብኛውን ቀስ ብሎ እያነበበለት፣ የከበደውን ቃል እያብራራለት፣ የሥራውንም ወጪ እየቻለ አስፈጸመው። ከዚህም የተገኘው የእጅ ጽሑፍ 9,539 ገጽ ነበር። አቡ ሩሚ ሥራውን ከፈጸመ በኋላ በወረርሽኝ ሞተ። ጽሑፉን ግን ዊልያም ጆዌት በ1820 እ.ኤ.አ. ለብሪታንያና ለውጭ አገር መጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ገዛው፤ ሙሉ መጽሐፍ ቅዱሱም በ1840 እ.ኤ.አ. ታተመ። እስቲ አስቡ፤ አብሮት የሚቀመጥ ባይገኝ ያ መነኩሴ ያን ሁሉ ገጽ ይጨርስ ነበርን? ከሞተስ በኋላ የሚያሳትምለት ባይነሣ ጽሑፉ የምስጥ ቀለብ ከመሆን በምን ይድን ነበር?

ሁለተኛው ምክንያት ከአፍ አይወጣም፤ በልብ ውስጥ ግን ይኖራል። እርሱም «ሌላውን ካመሰገንሁ የእኔ ይጐድላል» የሚል ነው። እንዲህ የሚያስብ ሰው አንባቢን እንደ ርስት መሬት ይቈጥረዋል፤ ለአንዱ ከተቈረሰ ለሌላው የሚቀንስ ይመስለዋል። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። አንድ መልካም መጽሐፍ አንብቦ የተደሰተ ሰው ሁለተኛውን ይፈልጋል፤ ባነበበው ያዘነ ግን ሦስተኛውን አይገዛም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ራሳቸው ብዙ መጻሕፍት የደረሱ ሲሆኑ፣ በኢትዮጵያ የሚገኙትን የግዕዝና የአማርኛ መጻሕፍት ዘርዝረው ካታሎግ በ1920 ዓ.ም. አሳትመዋል። የሌሎችን መጽሐፍ መዘርዘራቸው ክብራቸውን ጨመረው እንጂ አልቀነሰውም።

ስለ ስም መደበቅም አንድ ነገር ልናገር። ኦኔሲሞስ ነሲብ በልጅነቱ ታፍኖ ለባርነት የተሸጠና በምፅዋ ነጻ የወጣ ሰው ነው። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ሲመልስ፣ ከአገሩ በሕፃንነቱ በመለየቱ የቋንቋው ቃል አልበቃ አለው። ይህን ጉድለት የሞላችለት እንደ እርሱ ከባርነት ነጻ የወጣችው አስቴር ጋኖ ናት። ወደ 15,000 የሚጠጉ ቃላት ሰብስባ መዝገበ ቃላት አዘጋጀች፤ 500 ያህል ተረትና ምሳሌ፣ ዘፈንና እንቆቅልሽ ከቃል ወደ ጽሑፍ አመጣች። ሁለቱ አብረው የደከሙበት የንባብ መጽሐፍ በ1894 እ.ኤ.አ. በእምኩሉ ታተመ፤ መጽሐፍ ቅዱሱም በ1899 እ.ኤ.አ. በስዊስ አገር በቅዱስ ክሪሾና ታተመ። ነገር ግን ያ መጽሐፍ ሲነሣ ብዙ ሰው የሚጠራው የኦኔሲሞስን ስም ብቻ ነው። ድካሟን ተቀብሎ ስሟን መርሳት ከመንጠቅ በምን ይለያል? ዛሬም ረቂቅ ያረመ፣ ፊደል የለቀመ፣ ሐሳብ ያዋጣ ወንድም ወይም እኅት በመቅድም ውስጥ አንድ መስመር እንኳ ሲነፈግ እናያለን።

ሦስተኛው ምክንያት ከሁሉ የሚሻል ነው፤ «ደካማ ጽሑፍን ማመስገን ሐሰት መናገር ነው» የሚል። በዚህስ እስማማለሁ። ድጋፍ ማለት ሽንገላ ማለት አይደለም። ነገር ግን ሁለቱን እንዴት ማስማማት እንደሚቻል የሐዋርያት ሥራ አሳይቶናል። አጵሎስ አንደበተ ርቱዕ ነበር፤ ትምህርቱ ግን ጐዶሎ ነበረበት። አቂላና ጵርስቅላ በሰው ፊት አላዋረዱትም፤ ወደ ራሳቸው ወስደው የእግዚአብሔርን መንገድ አጥብቀው ገለጹለት። ወደ አካይያ ሊሄድ በወደደ ጊዜም ወንድሞች እንዲቀበሉት ጻፉለት። ተግሣጹ በጓዳ፣ ምስክርነቱ በአደባባይ ሆነ ማለት ነው። እኛ ግን ሥርዓቱን ገልብጠን በፊቱ «ግሩም ነው» እንለዋለን፤ ዘወር ሲል ሥጋውን እንበላዋለን።

ሌላም አዲስ በደል አለ። የወንድሙን መጽሐፍ በስልክ እያነሣ በቴሌግራም የሚበትን ሰው፣ ሲጠየቅ «ወንጌል በነጻ ይሰጥ የለምን?» ይላል። በነጻ መስጠት የሚቻለው የራስን ነው፤ የሌላውን ከሆነ ግን ልግስና ሳይሆን ስርቆት ነው። ከጸሐፊዎቻችን ብዙዎቹ የወረቀቱንና የማተሚያውን ዋጋ የሚከፍሉት ከልጆቻቸው ጉሮሮ ቀንሰው ነው። ለሠራተኛ ደመወዙ ይገባዋል የሚለው ቃል ለሰባኪ ብቻ የተነገረ አይደለም። ወዳጅም ከሆናችሁ የስጦታ ቅጂ አትጠይቁ፤ እንዲያውም ሁለት ገዝታችሁ አንዱን ለሌላ ስጡ።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ረቂቅ ሲሰጣችሁ የምትመልሱበትን ቀን ቍረጡ፤ በቀኑም መልሱ። ስትመልሱም «ጥሩ ነው» ብላችሁ አትለፉ፤ የቱ ገጽ እንዳስተማራችሁ፣ የቱ አረፍተ ነገር እንደ ጨለመባችሁ ጽፋችሁ ስጡ። የታተመውን ግዙ፤ ካነበባችሁ በኋላ ለሦስት ሰዎች ተናገሩ። የረዳችሁን ሰው ስም በመጽሐፋችሁ ውስጥ አኑሩ። በየአጥቢያችሁ የምትጽፉ ሁሉ በወር አንድ ቀን ተሰብስባችሁ እየተነባበባችሁ ተራረሙ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል።

ዛሬ በየቤቱ ሣጥን ውስጥ አንባቢ ያላገኘ ስንት ደብተር አለ! ባለቤቱ ሰንፎ አይደለም፤ ሁለተኛውን ምዕራፍ ሲጨርስ «ቀጥል» የሚለው አንድ ሰው ስላጣ ነው። ያን ቃል መናገር ገንዘብ አይጠይቅም። ስለዚህ፣ ልጆቼ፣ ይህን ገጽ ዘግታችሁ የራሳችሁን ብዕር ከማንሣታችሁ በፊት፣ የጀመረውን ትቶ የተቀመጠ ጓደኛ እንዳላችሁ አስቡ፤ ካላችሁም ሄዳችሁ ደብተሩን አምጣ በሉት።